የሲቲ ስካን አልጋ ጥገና፦ ከአዳማ ባለሙያዎች ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

አዳማ ያሉ የባዮሜዲካልና የራዲዮሎጂ ልጆች ስለ ሲቲ ስካን የታካሚ አልጋ ያላቸውን ጥያቄ እንዲልኩልኝ ብዬ ነበር። ጉድ ነው የመጣው! የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ብሬከሩን አውርጄ አልጋው ሥር ብገባ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ። መብራቱ ቢጠፋም ክብደቱ የትም አይሄድም። አንዳንዱ አልጋ በስክሩ ራሱን ይይዛል። ሌላው ግን ከፍ ብሎ የቆመው በፍሬን ወይም በሃይድሮሊክ ቫልቭ ብቻ ነው። ፍሬኑን ወይም ሞተሩን ስትፈታው ያ ሁሉ ብረት ቁልቁል ይመጣል። በሚታጠፉት እግሮች መሃል የገባ ጣት አይተርፍም። አምራቹ ያዘጋጀውን መደገፊያ ሳታስገባ እጅህን አትስደድ። በመኪና ክሪክ ደግፌ እሠራለሁ ያልከኝ ወንድሜ፣ ተው!

ሌላው ጣጣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ከባትሪ ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ) ነው። ዋናው ብሬከር ወርዶም ዩፒኤሱ ማሽኑን መመገቡን ሊቀጥል ይችላል። ሁለቱንም አጥፋና ቆልፍ፤ ቁልፉን ኪስህ ክተት። «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ወረቀትም ለጥፍ። ከ220 ቮልት በቀጥታ የሚመገብ የሞተር ድራይቭ (ሞተሩን የሚያዘው ሰርኪዩት) ካፓሲተሮቹ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎቹ፣ ላይ 310 ቮልት ገደማ ዲሲ ይይዛል፤ ይህ ካጠፋኸው በኋላም ይቆያል። ማኑዋሉ የሚለውን ደቂቃ ጠብቅ፤ ከዚያ በመልቲሜትር ለካ።

ጥያቄ፦ ኢመርጀንሲ ስቶፑን (የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቁልፉን) መጫን አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። እንቅስቃሴውንና ጨረሩን ያቆማል እንጂ ውስጥ ያለውን ኤሌክትሪክ ሁሉ አይቆርጥም።

ጥያቄ፦ አልጋው ካዘዝነው ቦታ አልፎ ይቆማል። ካሊብሬሽን (ልኬቱን በሶፍትዌር ማስተካከል) ልሥራ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ለኪ። 70 ኪሎ ገደማ የአሸዋ ከረጢት ጫኚበት። (ውሃ የሞላ ጀሪካን እንዳታስቢ፣ ከፈሰሰ ሌላ ሥራ ነው።) አልጋው ጎን ላይ ማስመሪያ ለጥፊ፣ 300 ሚሊ ሜትር አስገቢው፣ መልሺው፣ ደጋግሚው። ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከሳተ ችግር አለ። ስህተቱ ሁልጊዜ እኩል ከሆነ ካሊብሬሽን ሊያስተካክለው ይችላል። አንዴ 1፣ አንዴ 4 ከሆነ ግን ቺንጋው ላልቶ ወይም ኢንኮደሩ (አልጋው የት እንደደረሰ የሚለካው ሴንሰር) ከቦታው ተንቀሳቅሶ ይሆናል። ያንን በሶፍትዌር መሸፈን ራስን ማታለል ነው።

ጥያቄ፦ ሲንቀሳቀስ ይንቋቋል። ግሪስ ልቀባው?

መልስ፦ ቆይ! መጀመሪያ ሽፋኑን ከፍተህ እይ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የፈሰሰ ኮንትራስት (ምስሉ ጎልቶ እንዲታይ ለታካሚው የሚሰጠው ፈሳሽ) ነው፤ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ሮለሩ ላይ ይጣበቃል። አጽዳው። ኩሽኔታው የታሸገ ከሆነ ግሪስ አይፈልግም። የአዳማ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ደግሞ ግሪስ ይወዳል፤ ተደባልቀው ሐዲዱን ይሞርዱታል። ማኑዋሉ ካለው ቦታና ዓይነት ውጭ አትቀባ።

ጥያቄ፦ ከባድ ታካሚ ሲመጣስ?

መልስ፦ አልጋው ላይ የተለጠፈውን ገደብ አንብቡ። ብዙዎቹ 200 ኪሎ አካባቢ ናቸው፣ ግን የእናንተን እዩ። ወደ ጋንትሪው (ታካሚው የሚገባበት ቀለበት) በወጣው ጫፍ ላይ ማንንም አታስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ኤምአርአይም እንደዚሁ ነው?

መልስ፦ በፍጹም! የኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ያለው ማግኔት መብራት ቢጠፋም ብረት መሳቡን አያቆምም። ካቻቢቴህ ውጭ ይቅር።

ጥያቄ፦ ጨርሼ ከገጠምኩ በኋላ ታካሚ ላስገባ?

መልስ፦ መጀመሪያ አልጋውን ባዶውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንቀሳቅሰው። ቀጥሎ ከረጢቶቹን ጭነህ ድገመው። በእንቅስቃሴ መሃል ኢመርጀንሲ ስቶፖቹን አንድ በአንድ ተጫናቸው፤ አንዱ እንኳ ካላቆመው ክፍሉን ዝጋ።