ቱርቦ ሴዳን ለጎንደር ይሆናል ወይ?

ወንድማችን፣ አዲስ አበባ ቆሞ የቆየና ገና 4,000 ኪሎ ሜትር የተነዳ ባለ 1.5 ሊትር ቱርቦ ስፖርት ሴዳን አግኝቶ «የጎንደር ከፍታ ቱርቦውን አይጎዳውም ወይ? አያያዙስ እንዴት ነው?» ብሎ ጠይቋል። ተመሳሳይ መኪና ይዤ ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳ አዘዞ ስመላለስ የኖርኩ ነኝና የማውቀውን ልንገርህ።

ከፍታውን አትፍራ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። ቱርቦ ግን የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን አብዛኛውን ይሸፍናል። ወደ አምባ ጊዮርጊስና ዳባት ስትወጣ ልዩነቱን በእግርህ ታውቀዋለህ። ይህን የሚያደርገው ግን ከወትሮው ይበልጥ እየፈጠነና እየጋለ ነው። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፤ የሚያርፈውም በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው።

ስለዚህ የዚህ መኪና ጉዳይ የዘይት ጉዳይ ነው። መመሪያው 10,000 ኪሎ ሜትር ቢልህም አንተ በ5,000 ወይም በ6 ወር፣ ቀድሞ በደረሰው ቀይር። በመመሪያው የተጻፈው ቅጥነት ያለው፣ ሙሉ ሲንተቲክ፣ ኤፒአይ ኤስፒ (API SP) የሚል የጥራት ደረጃ ምልክት ያለው ይሁን። ፊልትሮውም አብሮ ይቀየር። የከተማችን መንገድ አጭር ነው፤ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል። በእንዲህ ያለ አነዳድ ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጩ ሞተሮች ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርድባቸዋል። ጠዋት መኪናው ሜዳ ላይ እንደቆመ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጣ፣ ጥረግ፣ መልሰህ ከትተህ አውጣ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ከቀጠነና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተህ ጊዜውን ሳትጠብቅ አፍስሰው። በየሳምንቱ መጨረሻ እስከ ቆላ ድባ ወይም ከዚያ ራቅ አድርገህ በደንብ ሞቆ እንዲነዳ ማድረግም ይረዳዋል።

ረጅም ዳገት ወጥተህ እንደቆምክ ሞተሩን ወዲያው አታጥፋ። የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች በዝግታ ንዳ፣ ቆመህም ሞተሩን አንድ ደቂቃ ያህል ሳታጠፋ አቆየው፣ ከዚያ አጥፋ። አለበለዚያ የቆመው ዘይት በጋለው ቱርቦ ውስጥ ይቃጠልና ጥቀርሻ ሆኖ ይቀራል። ዳገት ላይም ሞተሩ በደቂቃ ከ2,000 ዙር በታች እየዞረ ነዳጁን እስከ ወለል አትርገጥ፤ ማርሽ ቀንስ። በዝቅተኛ ዙር ብዙ ግፊት ሲጫነው ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ሊቀጣጠልና ፒስተን ሊሰብር ይችላል።

ነዳጅ እንደምታውቀው የከተማችን ራስ ምታት ነው። ሰልፉ ቢያሰለችህም በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን ቤንዚን ለዚህ ሞተር አትስጥ። ነጭ ጋዝ ወይም ውኃ የተቀላቀለበት ከሆነ ሞተሩ ይንኳኳል፤ የመኪናው ኮምፒውተርም ሞተሩን ለማዳን ጉልበቱን ይቀንስብሃል። ሰርባቶዮው ግማሽ ሲደርስ መሙላት ልማድ ይሁንህ።

አንድ ነገር በተለይ ላስጠንቅቅህ። አንድ ቀን ወደ ጎሃ ስወጣ መኪናዬ ጉልበቱ ጠፍቶ ከኮፈኑ ሥር ፉጨት ይሰማ ጀመር። ያየው መካኒክ ወዲያው «ቱርቦው ሞቷል፣ አዲስ ይግባ» አለ። እኔ ግን አየር ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚወስደው ቱቦ ይታይልኝ አልኩ። ጎሚስታ ቤት ወስደን አየር በጥቂቱ ለቀንበትና የሳሙና ውኃ ስናፈስበት ከመጋጠሚያው አረፋ ቡልቅ አለ። የላላ ማሰሪያ ነበር። ቱርቦ ተበላሸ ከመባሉ በፊት ቱቦዎቹ ይፈተሹ፤ ይህን በማንም ፊት አጥብቀህ ጠይቅ።

በበጋ አቧራው ብዙ ነው፤ የአየር ፊልትሮውን ቶሎ ቶሎ እይ። ድምፅ ያሳምራል ተብሎ የሚሸጠውን ክፍት ፊልትሮ ግን አትግጠም። ጎማውን በተመለከተ፣ 235/40 ባለ 18 ከሆነ በኮብልስቶናችን ላይ ቸርኬው ይጎብጣል። ፍሬኑ የሚፈቅድ ከሆነ 215/55 ባለ 16 ቁመቱ ተቀራራቢ ስለሆነ የፍጥነት መቁጠሪያውን ብዙም አያዛባም፤ ጎኑም ወፍራም ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ፊልትሮ፣ ካንዴላና የፍሬን ሸራ ስታገኝ ገዝተህ አስቀምጥ። በእኔ እምነት መኪናውን ብትገዛው ያዋጣሃል፤ ዳገታማ ከተማ ላይ እንደዚህ የሚያስደስት ሴዳን አላየሁም። ብሩን ከመክፈልህ በፊት ግን ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሳና ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ (ዘይት እየተቃጠለ የመሆኑ ምልክት) መውጣት አለመውጣቱን ተመልከት፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተመዘገበ ብልሽት ካለ አስነብብ። የቆመ መኪና ነውና አሮጌው ቤንዚን ይፍሰስ፣ ባትሪው ይለካ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፉትን አራት አኃዞችም እይ፤ 2320 ካለ በ2020 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እንዲህ የቆየ ጎማ ከሆነ የአዲስ ጎማ ዋጋ ከመኪናው ሒሳብ እንዲቀነስልህ ተደራደር።