ወለሉ ለሚለመጥብህ ወንድሜ፦ እርጥብ እንጨት ላይ ፋይበር እንዳትደርብ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያገለገለ የፋይበር ጀልባ ገዝተሃል። ሰው ሲቆምበት ወለሉ ይለመጣል። ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ አይተሃል። አንድ ባለሙያ ደግሞ «ከላይ ሁለት ድርብ ፋይበር አልብሼ በሦስት ቀን አስረክብሃለሁ» ብሎሃል። ላሠራው ወይ ነው ጥያቄህ።

አታሠራው። እኔ አሠርቼው ዋጋዬን አግኝቻለሁ።

ከማን እንደገዛኸው አልጻፍክም። ግን ግንቦት ላይ፣ ሐይቁ ሲጎድል፣ ዳር ተጎትቶ ቆሞ፣ አዲስ ቀለም ተቀብቶ እንዳገኘኸው እወራረዳለሁ። እኔም 2014 ግንቦት ላይ እንደዚያ ነው የገዛሁት። 7 ሜትር፣ 12 ሰው የሚጭን፣ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ሞተር። ደላላው ቀለሙን እየዳሰሰ «ይሄ ጀልባ ጨው ውሃ ነክቶት አያውቅም» አለኝ። እኔም እንደ ትልቅ ነገር ሰማሁት። ለሞተሩ እውነቱን ነው፣ ጨው ብረት ይበላል። ለእንጨት ግን ተገላቢጦሽ ነው። እንጨት የሚያበሰብሰው ሻጋታ ጨው አይስማማውም፤ እንደ ጣና ያለ ጨው የሌለው ውሃ ነው የሚመቸው። የፋይበር ጀልባ ደግሞ ሁለመናው ፋይበር እንዳይመስልህ። የኋላ ግድግዳው፣ የወለሉ ሥር፣ ጎድኖቹ፣ ሁሉም ውስጣቸው ኮምፔርሳቶ ወይም ጣውላ ነው። ፋይበሩ ልብሱ ነው።

እሺ፣ በተራ ልንገርህ።

1ኛ. ሞተሩን አትክሰስ። የመጀመሪያው ክረምት እንዳለቀ ጀልባዬ መሄድ አቃተው። ስድስት ሰው ስጭን አፍንጫውን ሽቅብ ይዞ ኋላው ውሃ ውስጥ ይቀራል። መካኒክ ጠራሁ። «የአየሩ ነው፣ እዚህ ከፍታ ላይ ሞተር ይደክማል» አለኝ። ሰውየው አልዋሸም። ጣና ከባሕር ወለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው፣ ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ያጣል። ግን ባለፈው ዓመትም ጣና እዚያው ከፍታ ላይ ነበር! ይሄን ሳልጠይቀው ካርቡሬተር አስጠረግሁ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ፕሮፔለር ገዛሁ። ጥፋቱ የሞተሩ አልነበረም። ከወለሉ ሥር ያለው ፎም፣ ጀልባውን እንዲያንሳፍፍ የሚሞላው፣ ውሃ ጠጥቶ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። እኔ ሳላውቅ ሦስት አራት የማይከፍል ተሳፋሪ ይዤ ነበር የምዞረው።

2ኛ. አንኳኳ። መዶሻ አያስፈልግህም፣ የካቻቢቴ እጀታ ይበቃል። ከዳር ጀምረህ በየስንዝሩ እያንኳኳህ ሂድ። ደህናው ቦታ ደረቅ በር እንደሚንኳኳ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሃል። የበሰበሰው ቦታ «ዱብ» ብሎ ይቀራል፣ ትራስ እንደመታህ። ዱብ ያለውን ሁሉ በጠመኔ ክበበው። እኔ ስከብ ስከብ ጠመኔው አለቀብኝ።

3ኛ. ከውስጥ በኩል፣ የኋላው ግድግዳ ታችኛው ጠርዝ ላይ፣ በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ ብሳ። ደረቅ ነጭ ፍርፋሪ ከወጣ እግዜር ይወድሃል። ከእኔ የወጣው ቡናማ ውሃ ነው፣ ሽታው ቁርጥ የጠላ አተላ። ለመብሳት ልብህ ካልቆረጠ፣ ወለሉን ደህና አድርገህ ወልውለህ አንድ ፌስታል ሰንጥቀህ ዘርጋና አራቱንም ዳር በፕላስተር እሸገው። አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ይዋል። ፌስታሉ ከሥሩ ላብ ከያዘ ውሃው ውስጥ አለ ማለት ነው።

4ኛ. አትቸኩል። አሁን ኅዳር ነው፣ ዓይንህ ጥምቀትና የካቲት 16 ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። የእኔም ዓይን እዚያ ነበር። ለኪዳነ ምሕረት ንግሥ ወደ ዘጌ የሚሻገረውን ሰው ታውቀዋለህ፣ ጀልባ ያለው ሰው ያን ቀን አይተኛም። ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ባትላሜራ አገኘሁ። የሚኒባስ ፓራውልትና የፋይበር ውሃ ታንከር ሲጠግን የኖረ፣ እጁ ፈጣን ልጅ ነው። «እርጥብ ነው፣ ምን ይሻላል?» አልኩት። «ይታፈናል ጋሼ፣ ውሃ ከታፈነ የት ይሄዳል?» አለኝ። ነገሩ ውስጤ ገባ! እውነት ነው፣ የት ይሄዳል? የትም አይሄድም። እዚያው ሆኖ ያበሰብሳል። ረዚኑ፣ ፋይበሩን የሚያጣብቀው ፈሳሽ፣ ደግሞ እርጥብ እንጨት አይዝም፤ ላዩ ላይ እንደ ብርጭቆ ደርቆ ይቀመጣል እንጂ። እኔ ግን ያን ጊዜ የታየኝ ማብረቅረቁ ብቻ ነው። 38 ሺህ ብር ከፈልኩ። ስቱኮ፣ ቀለም፣ ስም ሳይቀር ተጻፈበት።

የካቲት 16 ጠዋት ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ውሃው እንደ መስተዋት ነበር። ከሰዓት በኋላ ጣና ምን እንደሚመስል ለአንተ አልነግርህም። ለአራተኛው ምልልስ ከዘጌ አሥራ አንድ ሰው ጭኜ ስመለስ ነፋሱ ተነሣ። ማዕበሉ ከፍ ዝቅ ሲያደርገን መሪውን የያዘው እጄ ላይ አንድ ነገር ተሰማኝ። ዞር ብዬ አየሁ። ሞተሩ ይወዛወዛል። ሞተሩ ብቻ ቢሆን ደግ፣ የታሰረበት ግድግዳ ራሱ ነው እንደ ላላ ጥርስ ወዲህ ወዲያ የሚለው። በያንዳንዱ ማዕበል በግድግዳውና በወለሉ መካከል ጣት የምታስገባ ክፍተት ትከፈታለች፣ ትዘጋለች። ሲዘጋ ያ ቡናማ ውሃ ፊጭ ይላል። ሞተሩን ወደ ዝቅተኛው አወረድኩት። ሰዎቹን ወደ ፊት ተጠጉ አልኳቸው። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም፣ ፊቴን አይተው ገብቷቸዋል። አንዲት እናት ነጠላቸውን አደግድገው «እመቤቴ፣ ከደጅሽ መጥተን» እያሉ ነበር። እስከዛሬ ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ አለ። ባሕር ዳር ስንደርስ ጨልሟል። ማንም አልተጎዳም። የማንንም ሂሳብ አልተቀበልኩም።

በማግስቱ ጀልባውን ዳር አውጥቼ አጠገቡ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ መጡ። የደንገል ታንኳ የሚሠሩ ናቸው፣ ከርቀት ሰላም እንባባላለን። ግድግዳውን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉ። እንጨቱ እንደ ርጥብ ዳቦ ተፈረፈረ። «ይሄን ስታወጣው ታደርቀዋለህ?» አሉኝ።
«ፋይበር እኮ ነው አባባ» አልኳቸው።
«እኛ ታንኳዋን ሠርተንባት ስንመለስ አቁመን ፀሐይ እናስመታታለን። ካልደረቀች ትከብዳለች፣ ከከበደች ትሰጥማለች» አሉና ሄዱ።
ታንኳ በጥቂት ወር የሚያልቅ ነገር ነው። ሰውየው ግን እኔ በ420 ሺህ ብር ከገዛሁት ጀልባ ይልቅ ለታንኳቸው ያስባሉ። አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ በትክክል የሠራሁት እንዲህ ነው፣ ሳትዘል አንብበው። ሞተሩን አወረድኩ። ወለሉን በግራይንደር ቆርጬ አነሣሁ። ፎሙን በማዳበሪያ ከረጢት አወጣሁት፤ ስትጨምቀው እንደ ስፖንጅ ይንዠቀዠቃል። የኋላውን ግድግዳ ከውስጥ በኩል ከፈትኩ፣ የውጪውን ፋይበር ሳልነካ። ይሄ ዋናው ነገር ነው፤ የውጪው ቅርፅ ከጠፋብህ ጀልባህ ሌላ ጀልባ ይሆናል። የበሰበሰውን እንጨት በመሮና በእጄ ፋቅሁት። አቧራውን ያለ ማስክ እንዳትሞክረው፣ እኔ አንድ ሳምንት ስታከክና ሳስል ከርሜያለሁ።

ከዚያ ማድረቅ። መጋቢትና ሚያዝያን በሙሉ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ግራና ቀኙ ክፍት ሆኖ። ሸራ ወይም ላስቲክ እንዳታለብሰው፣ ሌሊት መልሶ ያልበዋል። በየሳምንቱ የፌስታሏን ፈተና ደገምኩ። ሁለት ወር ሥራ መፍታት ያማል። ባለቤቴ «ግቢው የጀልባ ሬሳ አደረበት» ትለኝ ነበር።

ኮምፔርሳቶው ላይ ደግሞ አትታለል። ሻጩ ሁሉ «ውሃ የማይበግረው» ነው የሚልህ። ከየዓይነቱ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ለምንና አንድ ሰዓት ቀቅላት። አዎ፣ ቀቅላት። ሙጫው ውሃ የሚችል ካልሆነ ንብርብሩ እንደ ሽንኩርት ይላቀቃል። እኔ ከአራት ሱቅ አራት ቁራጭ በሽሮ ድስት ቀቅዬ አንዱ ብቻ ተረፈ። ድስቱ ግን አልተረፈም፣ ሌላ ገዝቻለሁ። ባለ 18 ሚሊ ሁለቱን አጣብቄ ግድግዳውን ሠራሁ። ፋይበሩ የተቆረጠበትን ጠርዝ ደግሞ በሰፊው አሳሳው፤ ውፍረቱ 5 ሚሊ ከሆነ እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ድረስ እየሳሳ ይሂድ። ጠርዝ ለጠርዝ ገጥመህ ከለጠፍከው እንደ ጫማ ሶል ይነሣል።

ረዚን ስትበጠብጥ ትንሽ ትንሽ። ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 20 ግራም ማጠንከሪያ ነው። የባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ ላይ ወደ 10 ግራሙ አድላ፣ ይልቅ በማለዳ ሥራ። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ሦስት ኪሎ በአንድ ባልዲ በጠበጥኩ። ባልዲው መጀመሪያ ሞቀ፣ ቀጥሎ ጨሰ፣ ከዚያ ቂጡ ቀልጦ ወረደ። ዶላሩ ገበያ ላይ ከተለቀቀ ወዲህ ባለው የረዚን ዋጋ ያን ብታደርገው ታለቅሳለህ።

አሁን ወደ ዋናው። ውሃው ከየት እንደገባ ሳታውቅ አትዝጋው። ሁላችንም ከሥር ይመስለናል። ከላይ ነው። የእኔ የገባው በወንበሮቹ ብሎን፣ በጥላው ቋሚዎችና በውሃ ማፍሰሻዋ ቀዳዳ ነው። ሰዎቹ በስተው እንጨቱን ራቁቱን ትተውታል፣ የክረምቱ ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም እየተንጠባጠበ ወርዷል። መፍትሔው ቀላል ነው። ቀዳዳውን ከብሎኑ አስፍተህ ብሳ፣ በወፈረ ረዚን ድፈነው፣ ሲደርቅ መሐሉን በብሎኑ ልክ እንደገና ብሳ። ብሎኑ ረዚን እንጂ እንጨት አይነካም። ለ46 ቀዳዳ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሁለተኛው ጥገና በጠቅላላው 140 ሺህ ብር በላ።

አንድ ነገር ደግሞ ልናገር፣ ሆዴ ውስጥ አድሯል። ያ እርጥቡ ታፍኖ የተቀባው ጀልባ የብቃት ምርመራውን ያለፈው በአምስት ደቂቃ ነው። መርማሪው ከመኪና ሳይወርድ ማለት ይቻላል፣ «ቆንጆ ነው» ብሎ ፈረመ። በትክክል የተሠራውን ይዤ ስሄድ ግን ወር ፈጀብኝ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል «ባለሙያው ስብሰባ ነው» አለችኝ። በሳምንቱ «ፋይሉ አልተገኘም»። በሦስተኛው አንዱ ወጣና «በማን ፈቃድ ነው ጀልባ የምትበልተው?» ብሎ ሰው ፊት ጮኸብኝ። የበሰበሰ ግድግዳ ለማውጣት ፈቃድ! ያዳነኝ ስልኬ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ አንስቼ ነበር፣ አተላውን ውሃ ሳይቀር። አንድ አዛውንት ኢንጂነር ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አይተው «ይሄን ማን ሠራው?» አሉ። «እኔ» አልኳቸው። ያን ቀን ተፈረመልኝ። አንተም ከዛሬ ጀምር። የሞተሩን ቁጥርም ከወረቀቱ ጋር ቁጥር በቁጥር አስተያይ፣ የእኔ አንዷ አኃዝ ተሳስታ ስለነበር ሻጩን ፍለጋ ጎርጎራ ድረስ ሄጃለሁ።

ጀልባዬ አሁን ሁለት ክረምት አሳልፏል። አንኳኩበት፣ በር ነው።

አንተ ፌስታሏን ዛሬ ዘርጋና ነገ ማታ ምን እንዳሳየችህ ጻፍልኝ። ለመክፈት ከወሰንክ ግራይንደሬን ላውስህ እችላለሁ፣ ሽምብጥ አካባቢ ነኝ። ዲስኩን ግን ራስህ ግዛ።