የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የተማሪ ልጃገረዶች ቀዘፋ በሄንሊ

(ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ልጄ በትምህርት ቤቷ የቀዘፋ ቡድን ውስጥ ናት። በሰኔ በእንግሊዟ ሄንሊ ከተማ፣ በቴምዝ ወንዝ ላይ በሚደረገው «የሄንሊ የሴቶች ሬጋታ» (የጀልባ ቀዘፋ ውድድር) ላይ 1500 ሜትር ትቀዝፋለች። በዚያው ወንዝ ላይ በሚደረገው በሌላው ሬጋታ ግን ወንዶቹ የሚቀዝፉት 2112 ሜትር ነው አሉኝ። ልዩነቱ ልጆቹ ሴቶች ስለሆኑ ነው? ሴት ተማሪዎችስ እዚያ መወዳደር የጀመሩት ከመቼ ወዲህ ነው?
እናት፣ ከለንደን

መልስ፦ ሁለቱ ውድድሮች ወንዙን ይጋሩ እንጂ አዘጋጃቸው የተለያየ ነው። 2112 ሜትር የሚቀዘፍበት ሄንሊ ሮያል ሬጋታ በ1839 የተጀመረ ነው። ርቀቱ 1 ማይል ከ550 ያርድ ስለሆነ ነው በሜትር ሲቆጠር ያልተለመደ ቁጥር የሚሆነው። ልጅዎ የምትወዳደርበት የሴቶቹ ሬጋታ ደግሞ በ1988 የተቋቋመ፣ የራሱ መነሻና መድረሻ ያለው ሌላ ውድድር ነው። የሴት ልጅ ጉልበት ለ2112 ሜትር አይበቃም የሚል ሰው ካጋጠመዎ መልሱ አጭር ነው፦ ዛሬ ሮያሉ ላይ የሚሰለፉ ልጃገረዶች የሚቀዝፉት ከወንዶቹ ጋር እኩል 2112 ሜትር ነው።

እዚህ ለመድረስ ግን ረጅም ጊዜ ፈጅቷል። በ1896 በምዕራብ ለንደን፣ ሀመርስሚዝ ውስጥ፣ ፍሬድሪክ ፈርኒቫል የተባሉ የቋንቋ ሊቅ በ71 ዓመታቸው የልጃገረዶች የቀዘፋ ክለብ መሠረቱ። ከመጀመሪያዎቹ አባላት መካከል በሻይ ቤት አስተናጋጅነት የሚሠሩ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ክለቡ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። በ1927 የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ሴት ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ ግን ጎን ለጎን እንዲቀዝፉ አልተፈቀደላቸውም፤ ተራ በተራ ቀዝፈው በፍጥነታቸው ብቻ ሳይሆን በአቀዛዘፍ ውበታቸውም ተዳኙ። በኦሎምፒክ ቀዘፋም ሴቶች የገቡት በ1976 ነው፤ ያኔም ወንዶቹ 2000 ሜትር ሲቀዝፉ ለእነሱ የተሰጣቸው 1000 ነበር። ርቀቱ የተስተካከለው በ1988 በሴኡል ነው።

ሮያል ሬጋታ በ1981 እና በ1982 ሴቶችን ለሙከራ ጋብዞ ነበር፤ ከዚያ ሙከራው ተቋረጠ። በሩ ሲዘጋ ሴቶቹ የራሳቸውን ሬጋታ አቋቋሙ፤ የ1988ቱ ያ ነው። ሮያሉ ቋሚ የሴቶች ውድድር የጀመረው ከዚያ በኋላ፣ በ1993፣ በአንድ ሰው ጀልባ ነው። ለልጃገረዶች በ2012 አራት ቀዛፊዎች እያንዳንዳቸው ሁለት መቅዘፊያ የሚይዙበት ውድድር ተከፈተ፤ የስምንት ሰው ጀልባ ግን እስከ 2021 ጠበቀ። የወንድ ተማሪዎች የስምንት ሰው ዋንጫ በ1946 የተጀመረ ስለሆነ በመካከሉ 75 ዓመት አለ። ይህን ያህል ጊዜ ማስጠበቁ ትክክል አልነበረም።

ልጅዎ 1500 ሜትሩን በ5 ደቂቃ ገደማ ትጨርሳለች፤ 2112 ሜትር ወደ 7 ደቂቃ ይወስዳል። ስለዚህ በአጭሩ ርቀት ከመነሻው በኋላ ተረጋግቶ ለመቅዘፍ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው። መጀመሪያ ላይ በደቂቃ ወደ 40 ምት የቀዘፈ ቡድን ከ15 ወይም ከ20 ምት በኋላ ወደ 34 ገደማ ካልወረደ፣ ከግማሽ በላይ ሲደርስ እግሩ ይዝላል። ውድድሩም ሽቅብ፣ ወንዙ ከሚፈስበት በተቃራኒ ስለሆነ የባከነ ጉልበት በቶሎ ይታወቃል።

ጥያቄ፦ በስምንት ሰው ጀልባ እቀዝፋለሁ። አንዳንዴ መቅዘፊያዬ ውሃ ውስጥ ተቀርቅሮ አልወጣ ይላል፤ እጀታው ደረቴን ይመታኛል። ምን እያጠፋሁ ነው?
የ15 ዓመት ተማሪ

መልስ፦ ይህን ቀዛፊዎች «ክራብ (ሸርጣን) መያዝ» ይሉታል። ጀልባችሁ በሰከንድ ወደ 5 ሜትር እየሄደ ስለሆነ የተቀረቀረ መቅዘፊያ በዚያ ኃይል ወደ አንቺ ይመለሳል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚሠራው ምቱ ሲያልቅ ነው። ጠፍጣፋው ጫፍ ገና ውሃ ውስጥ እያለ ካጋደምሽው ውሃው ወደ ታች ይስበዋል። ቅደም ተከተሉን ጠብቂ፦ በመጀመሪያ ከጀልባው ውጭ ባለው እጅሽ፣ ማለትም የእጀታውን ዳር በያዘው፣ እጀታውን ወደ ታች ተጫኚና ጫፉን ከውሃ አውጪ፤ ከወጣ በኋላ ብቻ በውስጠኛው እጅሽ አዙሪው። ውጭኛው እጅ ከፍታውን ይቆጣጠራል፣ ውስጠኛው ያዞራል፤ በአንድ እጅ ሁለቱንም ለመሥራት ከሞከርሽ መቅዘፊያው ይቀረቀራል።

ሁለተኛው ምክንያት ውሃ ውስጥ ስታስገቢው ጠፍጣፋው ጫፍ ቀጥ ብሎ ሳይቆም መቅረቱ ነው። እጅሽ ጉልበትሽን አልፎ ወደ ቁርጭምጭሚትሽ ሲቃረብ ቀድመሽ ጫፉን ቀጥ አድርገሽ አቁሚው፤ በመጨረሻዋ ቅጽበት አትቸኩዪ። ጥልቀቱም ጠፍጣፋው ጫፍ እስኪሸፈን ብቻ ይበቃል። እጀታውን አንቀሽ ከያዝሽ ክንድሽ ስለሚደነዝዝ ጫፉ መዞሩ አይሰማሽም፤ ጣቶችሽን እንደ መንጠቆ አድርገሽ ያዢ። ይህን ሁሉ ጠብቀሽ ጀልባው ወደ አንቺ ወገን እያዘነበለ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የአንቺ ብቻ አይደለም፤ የሁሉም እጅ ከፍታ መታየት አለበት። ለልምምድ አራታችሁ ጀልባውን አረጋግታችሁ ያዙ፣ አራቱ ጫፉን ጨርሶ ሳያጋድሙ ይቅዘፉ፤ ከዚያ ተቀያየሩ።

ከተቀረቀረ እጀታውን አትታገዪው። ወደ ኋላ ተኚና በላይሽ ይለፍ፤ ጀልባው ሲቀዘቅዝ መልሰሽ ያዢው። 4 ሰከንድ ከጠፋ የአንድ ጀልባ ቁመት ያህል፣ ወደ 18 ሜትር ተቀደማችሁ ማለት ነው፤ ከጀልባ ከመወርወር ግን ይሻላል።

ጥያቄ፦ ከጀልባው ጫፍ ተቀምጣ የማትቀዝፈው ልጅ ሥራዋ ምንድን ነው?

መልስ፦ የጣና ታንኳ ቀዛፊ ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ ነው የሚቀዝፈው። በሬጋታ ጀልባ ግን ስምንቱም ጀርባቸውን ሰጥተው ስለሚቀዝፉ መንገዱን የምታየው ኮክስ የምትባለው መሪ ብቻ ናት። ጀልባውን የሚያዞረውን መዘውር በጣም በጥቂቱ፣ መቅዘፊያዎቹ ውሃ ውስጥ ሳሉ ታንቀሳቅሳለች፤ መቅዘፊያዎቹ በአየር ላይ ሳሉ ካዞረችው ጀልባው ይናወጣል። ረጅም ጀልባ ዘግይቶ ስለሚታዘዝ መታጠፊያው ሳይደርስ ትጀምራለች፣ አፍንጫው ሳይስተካከል መዘውሩን ትመልሳለች። ሮያል ሬጋታም ለሴቶች መጀመሪያ የፈቀደው ይህንኑ ቦታ ነበር፤ በ1975፣ የወንዶችን ጀልባ እንዲመሩ።