የሆም አሎኑ ልጅ አድጓል፦ የፊልም ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከጅማና ከዙሪያዋ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ሰው ናቸው፤ «ሆም አሎን» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ቤተሰቡ ረስቶት ሲሄድ ቤቱን ከሌቦች ስለሚጠብቀው ልጅ፣ ስለ ማካውሊ ካልኪን። ከአዋጁ ቁጥር በቀር ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ከፈረንጅ አራዳ ሰፈር፦ ኦስካር የወሰደው ካልኪን ያው የሆም አሎኑ ልጅ ነው? ከወንድሜ ጋር ተወራርደናል።

አይደለም። በ2025 በረዳት ተዋናይነት የወሰደው ታናሽ ወንድሙ ኪራን ነው። ሆም አሎን ላይ መነጽር ያደረገው ትንሹ የአጎት ልጅ እሱ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ የዶርም ጓደኞቿ ማካውሊ በሱስ ሞቷል ብለዋታል። እውነት ነው? ካልሞተስ የት ጠፋ?

አልሞተም። ይህ ወሬ አሁንስ ይብቃ። ሰውየው በሕይወት አለ፣ ልጆችም አሉት።

ሆም አሎን በ1990 ሲወጣ የ10 ዓመት ልጅ ነበር። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ 476 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። ከዚያ በኋላ እረፍት የለም። በ1994 ብቻ ሦስት ፊልም ወጣለት፤ በዚያው በ14 ዓመቱ በቃኝ አለ። በዓመቱ እናትና አባቱ ተለያዩና የልጆቹ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ልጁም የወላጆቹን ስም ከገንዘቡ ላይ በሕግ አሰረዘ። ወደ ሲኒማ የተመለሰው በ2003 ነው። በ2023 መጨረሻ ሆሊውድ ውስጥ የዝነኞች ስም በሚጻፍበት የእግረኛ መንገድ ላይ ኮከቡ ሲመረቅ፣ በሆም አሎን እናቱ የነበረችው ካትሪን ኦሃራ ተገኝታ ንግግር አድርጋለታለች።

ከሌላ አንባቢ፦ ማታ ማታ በስልኬ ፊልም ሳይ ዓይኔን ይቆጠቁጠኛል።

ቀነስ አድርገህ እይ። ካልተወህ የዓይን ሐኪም ይይህ።

ከአንዲት እናት፦ የ8 ዓመት ልጇ ሰፈር ውስጥ በሚቀረጹ አጫጭር የዩቲዩብ ድራማዎች ላይ ትሠራለች። ቀረጻው ሌሊት ነው። አሁን ደግሞ የሚቀርጸው ሰው ለትልቅ ፊልም ካስቲንግ (የተዋናይ ምርጫ) መመዝገቢያ 5,000 ብር ጠይቋል። ልጅቷ እንቅልፍ አጥታለች፣ ትምህርት ቤትም አልሄድም ትላለች። እናት ዕድሏን እንዳልዘጋባት ፈራሁ ትላለች።

እህቴ፣ ብሩን አትክፈይ። ተዋናይ የሚፈልግ ሰው ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም።

ከብሩ ይልቅ ሌሊቱ አስጨንቆኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያሉትን እንኳ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። «ጨዋታ ነው እኮ» ይሉሻል። ልጅቷ ዓይኗን እያሸች ትነሳለች፣ መብራቱ ፊቷ ላይ ይበራል፣ «አንዴ ብቻ፣ የኔ ቆንጆ» ትባላለች። ከዚያ ደግሞ አንዴ። ይህ ሥራ ነው፤ ያውም የአዋቂ ሥራ።

ጃኪ ኩጋን የሚባል ልጅ ነበር። በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር ሠርቶ ዓለም አወቀው። አድጎ «ገንዘቤስ?» ሲል እናቱና እንጀራ አባቱ አብዛኛውን ጨርሰውታል። ከሰሳቸው፤ እጁ የገባው ግን ትንሽ ነው። በእሱ ሰበብ ካሊፎርኒያ በ1939 ሕግ አወጣች። ዛሬ እዚያ ከልጅ ተዋናይ ገቢ 15 በመቶው እስኪያድግ ድረስ አይነካም። ያንቺም ልጅ እስካሁን ያገኘችው ካለ በስሟ ባንክ አስገቢላት።

የእንቅልፉ ነገር ግን በደብዳቤ የሚመለስ አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። በዚህ ሳምንት ውሰጃት። ሲያልፍ ያልፋል ብለሽ አትጠብቂ፤ ጎረቤትም ምንም ቢል አትስሚ። ቀረጻውም ይቁም። ካልኪን ዘጠኝ ዓመት ከፊልም ርቆ ሲመለስ ሥራ አላጣም። የ8 ዓመት ልጅ ብታርፍ ምን ይቀርባታል?

ከኮቺ ሰፈር አንድ አንባቢ፦ ለካልኪን ስድስት ፊልሞች በምናቡ ፈጥሮ፣ ተዋናይ መድቦ፣ ፖስተር ሠርቷል። የትኛው ይሻላል?

አምስቱን ተዋቸው። በአምስቱም ከ40 ዓመት ያለፈ ሰው እጁን ጉንጩ ላይ ጭኖ እንደ ሕፃን ይጮሃል። የልጅነት ሚናውንማ በ2018 ለጉግል ማስታወቂያ ራሱ ደግሞታል፤ ይበቃል። ልጁ እንዳያድግብን በፈለግን ቁጥር ሰውየው ሌላ ነገር መሥራት እንደሚችል እንረሳለን።

ስድስተኛውን ግን በጣም ወደድኩት። በሂርማታ ገበያ ቡና ሊገዛ መጥቶ የታመመ፣ ቋንቋ የማያውቅ፣ የጅማ ቤተሰብ የሚያስታምመው ፈረንጅ ነጋዴ። ፖስተሩ ላይ በጂረን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት በረንዳ ከላይ ይታያል። እሱ ከታች በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስኒውን በሁለት እጁ ይዟል። እንዲህ ያለ ቦታ ትወና ይጠይቃል፤ ካልኪንም ይችለዋል ብዬ አምናለሁ።

ሁለት ነገር አስተካክል። ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር በጥግ በኩል ብቻ አይለፉ፤ የፊልሙ ዋና ሰው ይሁኑ። ለእሳቸው የመደብከውን የሆሊውድ ኮከብ አንሳና ኦሮምኛ አፉን የፈታበት የጅማ ልጅ አስገባ። ሁለተኛ፣ ፖስተሩ ላይ «ምናባዊ» ብለህ በጉልህ ጻፍ። አክስትህ ፊልሙ መቼ ይገባል ብላ ጠየቀችኝ ብለህ የለ?

ከአንድ አባት፦ የ6 ዓመት ልጄ ሆም አሎንን ቢያይ ችግር አለው?

ይይ፤ እርስዎ ግን አጠገቡ ይቀመጡ። ሌቦቹን የሚመታው ካውያና የቀለም ጣሳ የፊልም ዘዴ መሆኑን፣ የሚወድቁትም የሠለጠኑ ሰዎች መሆናቸውን እዚያው እየሳቀ ሳለ ይንገሩት። ካውያውንም እጁ ከማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡ።