አዝማሪሽ እንዲራመድ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽንም ሥዕሎችሽንም ደጋግሜ አየኋቸው። ማሲንቆ የያዙ አንድ አዛውንት አዝማሪ ሥለሽ በስልክሽ ልታራምጃቸው ስትሞክሪ «ይንቀጠቀጡብኛል፣ ፊታቸውም በየገጹ ሌላ ሰው ይሆናል» ብለሻል። ሁለት ጥያቄም አስከትለሻል፦ ተበድሬ የሥዕል ታብሌት ልግዛ ወይ? አባቴ አካውንቲንግ አጥኚ ሲሉኝ እምቢ ብዬ ከ12ኛ ክፍል በኋላ አዲስ አበባ ልግባ ወይ?

ታብሌቱን አሁን አትግዢ። መንቀጥቀጡ ከመሣሪያው የመጣ ስላልሆነ ውድ ታብሌት ላይም ይከተልሻል። የመጣው ከሥዕሉ አሠራር ነው፤ ይህን ደግሞ በእርሳስና በወረቀት ማስተካከል ይቻላል።

ሥዕልሽ ለግድግዳ የሚሆን ሥዕል ነው። ጺማቸው በየፀጉሩ ተሠርቷል፣ የኩታው ጥለት ሳይቀር ተቆጥሮ ገብቷል። አኒሜሽን ግን በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም ተከታትለው የሚታዩ 24 ነጠላ ምስሎች፣ ይፈልጋል። በእጅ የሚሣል ሥራ ብዙ ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ስለሚያቆየው በሰከንድ 12 ሥዕል ይበቃዋል። እንዲያም ሆኖ 10 ሰከንድ 120 ሥዕል ነው፣ አንድ ደቂቃ ደግሞ 720። ጥለቱ ላይ 30 ትንንሽ ቅርፆች ካሉ ለ10 ሰከንድ ብቻ 3,600 ጊዜ ልትሥያቸው ነው። እያንዳንዷ ቅርፅ በጥቂቱ ፈቀቅ ባለች ቁጥር ዓይን የሚያየው መንቀጥቀጥ ነው።

ስለዚህ አዛውንቱን አቅልያቸው። ጭንቅላታቸው እንቁላል ቅርፅ ይሁን፣ ጺማቸው አንድ ድፍን ቅርፅ፣ ጥለቱ አንድ ወፍራም መስመር። ቁመታቸው የጭንቅላታቸውን ስንት እጥፍ እንደሆነ ወስኚ፤ አምስት ካልሽ ሁልጊዜ አምስት ነው። ከዚያ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ አድርገሽ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሥያቸው። ይህን ሞዴል ሺት ይሉታል፤ በምትሠሪበት ጊዜ ሁሉ ከዓይንሽ ፊት ይሁን። ማቅለል ማለት ማራከስ እንዳይመስልሽ እዚያው ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ሄደሽ ጣሪያውን ቀና ብለሽ እዪ። የመላእክቱ ፊት በጥቂት መስመርና በድፍን ቀለም የተሠራ ነው፤ ትልልቆቹ ዓይኖች ግን ከታች ቆሞ የሚያየውን ሰው ይይዙታል። የጎንደር ሠዓሊዎች የትኛው መስመር እንደሚቀርና የትኛው እንደሚጣል አውቀውት ነበር። አንቺም የምትፈልጊው ይህንኑ ነው።

ፊታቸው የሚለዋወጠው ደግሞ ከአንደኛው ሥዕል ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው እየተከተልሽ ስለምትሥይ ነው። ትንሿ ስህተት እየተጠራቀመች ሄዳ መጨረሻ ላይ ሌላ ሰው ትፈጥራለች። መጀመሪያ ዋና ዋናዎቹን አቋሞች ብቻ ሥይ። ለአንድ እርምጃ አራት ይበቃሉ፦ ሁለቱም እግሮች መሬት የነኩበት፣ ክብደቱ ፊተኛው እግር ላይ ወርዶ ጉልበት የታጠፈበት፣ የኋላው እግር በቆመው እግር አጠገብ የሚያልፍበት፣ ሰውነት ወደ ላይ ከፍ የሚልበት። እነዚህን ከሞዴል ሺቱ ጋር አስተያይተሽ ካረምሽ በኋላ ነው በመካከል ያሉት የሚሞሉት። ቀልጠፍ ያለ ጎልማሳ አንድ እርምጃ በ12 ፍሬም ገደማ ይራመዳል። ለአዝማሪሽ 16 ወይም 20 ሞክሪላቸው፤ ሽበት ባትሥዪላቸውም ዕድሜያቸው ከአረማመዳቸው ይታወቃል። ይህ የሥራው ትልቁ ደስታ ነው፣ ቶሎ እንድትደርሺበት እመኛለሁ።

ከእርምጃው በፊት ግን የሚነጥር ኳስ ሥዪ። አሰልቺ ልምምድ ይመስላል፤ ሆኖም ጊዜንና ርቀትን የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ የለም። ኳሷ ወደ ላይ ስትደርስ ስለምትዘገይ ሥዕሎቹ ይቀራረባሉ፣ ወደ መሬት ስትፈጥን ይራራቃሉ። ይህን ከያዝሽ በኋላ እስክስታ ሥሪ፤ ትከሻው ቀድሞ ይመታል፣ የኩታው ጫፍ ዘግይቶ ይከተላል። ሁለቱ እኩል ከተንቀሳቀሱ ኩታው እንጨት ይሆናል።

ለዚህ ሁሉ ያለሽ ስልክ ይበቃል። ፍሊፓክሊፕ በሚባለው የስልክ አኒሜሽን መተግበሪያ ላይ ያለፈውን ሥዕል በሥሱ የሚያሳየውን አማራጭ አብሪው። መብራት ሲጠፋ ወረቀቱን የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፈሽ የታችኛውን እያየሽ መሣል ትችያለሽ፤ ወረቀቶቹ እንዳይዛነፉ ሁሉንም በአንድ ቦታ ብሺያቸው፣ ከዚያ ስልኩን ሳታንቀሳቅሺ አንድ በአንድ ፎቶ አንሺያቸው። ኮምፒውተር ስታገኚ ክሪታና ኦፕንቱንዝ የሚባሉት የሥዕልና የአኒሜሽን ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ ይገኛሉ።

አሁን ስለ አባትሽ። ልጃቸው ደመወዝ የሌለው ሕይወት እንዳትገባ ነው የሚፈሩት፣ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። ጎንደር ተቀምጦ በወር ደመወዝ የሚያሠራ የአኒሜሽን መሥሪያ ቤት ማግኘት ከባድ ነው። የሚገኘው አጫጭር ሥራ ነው፦ የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ፣ የጤና ትምህርት ቪዲዮ፣ የልጆች ተረት፣ ለዘፈን ክሊፕ የሚገባ ቁራጭ። ስለዚህ «አካውንቲንግ ወይስ ሥዕል» ብለሽ ቤት ውስጥ አትጣዪ። የ12ኛ ክፍል ፈተናሽን በደንብ ሥሪ። ውጤትሽ ከፈቀደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለውን የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት መስፈርት ጠይቂ። ካልሆነም አካውንቲንግ እየተማርሽ ማታ ማታ መሣል ይቻላል፤ ለራሱ የሚሠራ ሰው ሒሳብ መያዝ ማወቁ ይጠቅመዋል። ዝም ብሎ አዲስ አበባ መግባትን ግን አልመክርሽም፤ የሚታይ ሥራ ሳይኖርሽ የቤት ኪራይ ብቻ ነው የሚጠብቅሽ።

ቀጣሪ የሚጠይቅሽ 20 ወይም 30 ሰከንድ የተጠናቀቀ ሥራ ነው። የሚነጥር ኳስ፣ አንድ አረማመድ፣ አንድ እስክስታ፣ ሁለት ቃል የሚናገር ፊት ይበቃል። ግማሹ የቀረ የአምስት ደቂቃ ፊልም አታሳዪ። የመጀመሪያው ደንበኛ ሲመጣ፣ ዘመድም ቢሆን፣ ዋጋውንና ስንት ጊዜ እንደምታርሚለት በጽሑፍ ተስማሙ፤ ግማሹንም ቀድመሽ ተቀበዪ። ታብሌቱን በዚያ ገንዘብ ትገዢዋለሽ።

አዛውንቱ ሁለት እርምጃ ሲራመዱ ቪዲዮውን ላኪልኝ። ቀለም አትቀቢው፣ በእርሳስ እንዳለ ይምጣ፤ እግራቸው መሬቱ ላይ ይንሸራተት እንደሆነ አብረን እናያለን።