ለዒላማ ሜዳና ለዱር ጉዞ አንድ ሽጉጥ ይበቃል?

ጥያቄ፦ «ላለፉት አራት ዓመታት በ9 ሚሊሜትር ሽጉጥ ዒላማ ስተኩስ ቆይቻለሁ፤ ፈቃዴም የታደሰ ነው። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ድብን የመሰለ ትልቅ አውሬ በሚገኝበት ሩቅ ዱር ለብዙ ቀናት በእግር እጓዛለሁ። አሁን ለሁለቱም የሚያገለግል ጉልበተኛ ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ለመግዛት አስቤአለሁ። አንዱ ጓደኛዬ 10 ሚሊሜትር ግዛ ይለኛል፤ ሌላው ከገዛህ አይቀር አርባ አራት ማግነም የሚተኩሰውን ትልቁን ግዛ ይላል፤ የተኩስ አሠልጣኜ ደግሞ የያዝከው ይበቃሃል ብለውኛል። ማንን ልስማ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የመጀመሪያው ጓደኛዎ የሰጠዎትን ምክር እንደግፋለን፤ ሆኖም አሠልጣኝዎ ያሉት ቃል ከዚህ ምክር ጋር አብሮ የሚሄድ እንጂ የሚጋጭ ሆኖ አላገኘነውም። የሽጉጥ ጉልበት የሚለካው ከአፈሙዙ በሚወጣው ኃይል ብቻ ሳይሆን፣ ተኳሹ የመጀመሪያዋን ጥይት ከተኮሰ በኋላ ሁለተኛዋን እዚያው ቦታ ላይ ለማሳረፍ በሚወስድበት ጊዜም ጭምር ነው። ይህን ሳይዙ የኃይል ሠንጠረዥ ብቻ እያነበቡ የሚገዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከእጃቸው አቅም በላይ የሆነ መሣሪያ ይዘው ይመለሳሉ።

ቁጥሩን ግን መዝለል አይቻልም። አሁን የሚተኩሱት የ9 ሚሊሜትር ፓራቤለም ጥይት 8 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ 350 ሜትር አካባቢ ይወረውራል፤ ይህም ወደ 490 ጁል ነው። አርባ አምስት ኤሲፒ የሚባለው፣ ጆን ብራውኒንግ የነደፈውና የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 ከተቀበለው ሽጉጥ ጋር ስሙ ተያይዞ የሚነሳው ጥይት፣ 15 ግራም የሚጠጋ አረር በሰከንድ 255 ሜትር ያህል ይልካል፤ አረሩ ከባድ ቢሆንም ኃይሉ ከ9 ሚሊሜትሩ እምብዛም አይርቅም። 10 ሚሊሜትር አውቶ ግን ከሁለቱም ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1983 ብሬን ቴን ከተባለው ሽጉጥ ጋር ሲወጣ የስዊድኑ ኖርማ ያዘጋጀው ጥይት 13 ግራም አረር በሰከንድ 365 ሜትር ያህል ይወረውር ነበር፤ 870 ጁል ገደማ ማለት ነው። የአረሩን ክብደት በፍጥነቱ ብናባዛው ደግሞ እጅዎን ወደ ኋላ የሚመታው ግፊት ከለመዱት የ9 ሚሊሜትር ግፊት 1.7 እጥፍ ያህል ሆኖ እናገኘዋለን። አሠልጣኝዎን ያሳሰባቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

10 ሚሊሜትርን እንድንመርጥልዎ ያደረገን ግን ጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ሁለት መልክ ያለው ጥይት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ማያሚ ውስጥ ሁለት ባልደረቦቹ በተኩስ ልውውጥ ከተገደሉበት በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ የተሻለ ጥይት ሲፈልግ 10 ሚሊሜትርን መረጠ፤ ነገር ግን ሙሉ ጉልበት ያለው ጥይት ምቱ ከባድ በመሆኑ ፍጥነቱ የተቀነሰ ጥይት አሠርቶ ተጠቀመ። ዛሬም በገበያ ላይ በዚያው ስም ሁለት ዓይነት ጥይት ጎን ለጎን ይሸጣል። አንደኛው 180 ግሬይን የሚመዝን አረር በሰከንድ 315 ሜትር ያህል የሚልክና 575 ጁል ገደማ ኃይል ያለው ለዘብተኛ ጥይት ሲሆን፣ ሌላው የመጀመሪያውን የኖርማን ጥይት የሚወዳደረው ነው። (በፓኮው ላይ ክብደቱ የሚጻፈው በግሬይን ነው፤ አንዱ ግሬይን 0.0648 ግራም ስለሆነ 200 ግሬይን ማለት 13 ግራም ማለት ነው።) ስለዚህ በሳምንቱ መጨረሻ በለዘብተኛው ጥይት ዒላማ እየተኮሱ፣ ለጉዞ ሲነሱ ያንኑ ምላጭ፣ ያንኑ እጀታና ያንኑ ማነጣጠሪያ ሳይለውጡ በከባዱ ጥይት ሊሞሉት ይችላሉ። በሁለት የተለያዩ ሽጉጦች እጅን ከማለማመድ ይልቅ በአንዱ ላይ መሰልጠን የሚሻል መሆኑን ለመገንዘብ የዓመታት ልምድ አይጠይቅም። በፓኮው ላይ 10 ሚሊሜትር ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ግን ጉልበተኛው ነው ብለው አይግዙ፤ የአረሩን ክብደትና ፍጥነቱን ማንበብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጓደኛዎ ያሰቡት እንደ ዴዘርት ኢግል ያለውን ሽጉጥ ይመስለናል። የአርባ አራት ማግነም ኃይል 1300 ጁል ገደማ ስለሚደርስ በወረቀት ላይ ተወዳዳሪ የለውም። ነገር ግን ሽጉጡ ባዶውን ወደ 2 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በሦስተኛው የጉዞ ቀን ከወገብዎ ወርዶ ወደ ሻንጣዎ ግርጌ መግባቱ አይቀርም፤ ሻንጣ ውስጥ ያለ ሽጉጥ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል። ከዚህ የባሰው ችግር ከአሠራሩ ይመጣል። ይህ ሽጉጥ የሚሠራው ከበርሜሉ በጠባብ ቀዳዳ በሚወጣ ጋዝ ስለሆነ፣ በመዳብ ያልተለበሰ የእርሳስ አረር ቀዳዳውን ይደፍንበታል፤ ለትልቅ አውሬ የሚመረጠው ጠንካራ አረር ግን ብዙውን ጊዜ ያልተለበሰው ነው። አርባ አራት ማግነም መያዝ የግድ ነው ካሉ ባለ እሽክርክሪቱ ሪቮልቨር የተሻለ ቤቱ ነው። እዚህ ላይ ለሪቮልቨር ደጋፊዎች አንድ ነገር ልንመሰክርላቸው ይገባል፦ የከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ አፈሙዝ በአውሬ ሰውነት ላይ ተጭኖ የላይኛው ተንሸራታች ብረት ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ኋላ ከተገፋ ሽጉጡ ላይተኩስ ይችላል፤ ሪቮልቨር ግን ይህ ችግር የለበትም።

ስለ ዒላማ ተኩሱ ምን ዓይነት እንደሆነ አልገለጹልንም፤ ይህ ደግሞ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን በሚመራው የ25 ሜትር የሴንተርፋየር (መቀጣጠያው በቀለሁ ግርጌ መሃል ላይ የሆነ ጥይት የሚተኮስበት) ሽጉጥ ውድድር የሚፈቀደው የጥይት ስፋት ከ7.62 እስከ 9.65 ሚሊሜትር በመሆኑ፣ አሁን የያዙት 9 ሚሊሜትር ይገባል፤ 10 ሚሊሜትሩም ሆነ አርባ አምስቱ ከደጅ ይቀራሉ። በተግባራዊ ተኩስ ውድድር ደግሞ በግሬይን የተለካው የአረሩ ክብደት፣ በሰከንድ በጫማ በተለካው ፍጥነቱ ተባዝቶ ለሺህ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ቢያንስ 125 እንዲደርስ ይጠየቃል። የእርስዎ 9 ሚሊሜትር ይህን ያለ ችግር ያልፋል፤ ሙሉ ጉልበት ያለው 10 ሚሊሜትር ግን 240 ይደርሳልና ከሚጠየቀው እጅግ ያልፋል፤ እጅንም ያደክማል። ስለዚህ ውድድር የሚያስቡ ከሆነ የድሮውን ሽጉጥዎን አይሽጡ። ለራስዎ ደስታና ለልምምድ ብቻ ከሆነ ግን 10 ሚሊሜትሩ በለዘብተኛ ጥይት ጥሩ የዒላማ መሣሪያ ይሆናል።

ከሽጉጦቹ መካከል የትኛውን የሚለው ሁለት መንገድ አለው። በአንድ በኩል እንደ ግሎክ 20 ያለው ባለ ፕላስቲክ አካል ሽጉጥ በካዝናው 15 ጥይት ይይዛል፤ ባዶውን ከ900 ግራም አይበልጥም። በሌላ በኩል ኮልት ዴልታ ኤሊት እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመረው፣ በ1911ዱ ሽጉጥ አሠራር ላይ የተመሠረተው የብረት ሽጉጥ አለ፤ ከ1 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ በካዝናው የሚይዘው 8 ጥይት ገደማ ነው። የብረቱ ምላጭ አጭርና ጥርት ያለ ስለሆነ በዒላማ ሜዳ የሚያስደስተው እሱ ነው፤ ክብደቱም ምቱን ይቀንሳል። ለዱር ግን ወደ መጀመሪያው እናዘነብላለን፤ ዝናብና ጭቃን በቀላሉ ይችላል፤ ብዙ ቀን ቢሸከሙትም አያስመርርም። የግሪንላንድን ሰሜን ምሥራቅ በውሻ ተንሸራታች የሚጠብቀው የዴንማርክ ሲሪየስ ጓድ፣ የዋልታ ድብ በሚገኝበት በዚያ ብርድ የሚይዘው ሽጉጥ ይኸው ግሎክ 20 መሆኑ ለዚህ አባባላችን ጥቂት ድጋፍ ይሰጠናል። እጅዎ ትንሽ ከሆነ ግን እጀታው ሊሰፋብዎ ስለሚችል፣ የምላጩን መሃል በአመልካች ጣትዎ የመጀመሪያ አንጓ መድረስ መቻልዎን ሳያረጋግጡ አይግዙ።

ለከባዱ ጥይት የሚመረጠው አረር ከጠንካራ የእርሳስ ቅይጥ የተሠራ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነ፣ 200 ወይም 220 ግሬይን የሚመዝን ነው። ጫፉ የተቦረቦረው አረር በሥጋ ውስጥ እየሰፋ ስለሚሄድ ቶሎ ይቆማል፤ ጠንካራው ግን ወፍራም ጡንቻና አጥንት አልፎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ይሁን እንጂ የበርሜላቸው ውስጥ ባለ ብዙ ጎን በሆነ ሽጉጦች ያልተለበሰ እርሳስ ቶሎ እየተጠራቀመ ግፊቱን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል፣ የፋብሪካው መመሪያ ይህን አረር የሚከለክል ከሆነ ወይ በመዳብ የተለበሰ ጠንካራ አረር ይፈልጉ ወይም ጥምዝምዙ የተለመደው ዓይነት የሆነ በርሜል ይግጠሙ።

ሽጉጡን ከገዙ በኋላ ለጉዞ ከመያዝዎ በፊት፣ በራሱ ካዝናዎች፣ ሊይዙት ያሰቡትን ያንኑ ጥይት ቢያንስ 200 ጊዜ ይተኩሱበት። ውድ ነው፤ እናውቃለን። ነገር ግን ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው አረር ከካዝናው ወደ በርሜሉ ሲጎርስ ሊነክስ ይችላል፤ ይህን ደግሞ የሚነግርዎት የሻጩ ቃል ሳይሆን የራስዎ ሽጉጥ ነው። በተጨማሪም ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ራሱን መልሶ ለማቀባበል የሚደገፈው በተኳሹ የእጅ አንጓ ላይ በመሆኑ፣ አንጓዎ ከላላ ተንሸራታቹ መንገዱን ሳይጨርስ ይመለስና ቀለሁ ሳይወጣ ይቀራል። በድካምና በድንጋጤ ጊዜ፣ አንዳንዴም በአንድ እጅ መተኮስ ሊኖርብዎ ስለሚችል ከ200ው መካከል ጥቂቱን በግራና በቀኝ እጅ ብቻ ይሞክሩት። አንዳንዶች ምቱን ለመቀነስ ብለው ጠንካራ ሞላ ይገጥማሉ፤ ያን ጊዜ ለዘብተኛው የልምምድ ጥይት ተንሸራታቹን እስከ መጨረሻው ሊገፋው አይችልምና፣ አንድ ሽጉጥ ለሁለት ሥራ የተባለው ሐሳብ እዚያው ላይ ይፈርሳል። የፋብሪካውን ሞላ አይንኩት።

አያያዙም ከምርጫው ያልተናነሰ ነገር ነው። የጉዞ ሻንጣ የወገብ ቀበቶ የጎን አፎትን ስለሚሸፍነው፣ ደረት ላይ የሚታሰርና ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን አፎት ይሻላል። ቡናማ ድብ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሊሮጥ ይችላል፤ 20 ሜትርን በአንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ይጨርሳል ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሽጉጡን መምዘዝ የሚቻለው፣ ቤትዎ ውስጥ ባዶነቱን ደጋግመው ባረጋገጡት ሽጉጥ መቶ ጊዜ የመዘዙ እንደሆነ ብቻ ነው። ከሽጉጡ ይልቅ እጅዎን መቅደም ያለበት ግን የበርበሬ ርጭት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ በአላስካ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው ርጭቱ በቡናማ ድቦች ላይ በተሞከረባቸው አጋጣሚዎች 92 በመቶ የሚሆነውን ያልተፈለገ ድርጊት አስቁሟል። ርጭት እንደ ጥይት ጥርት ያለ ዒላማ አይጠይቅም፤ ቢሳሳትም ጓደኛዎን አይገድልም። ሽጉጡ ለቀረው ክፉ አጋጣሚ ነው። ወደሚሄዱበት ፓርክ መሣሪያ ይዞ መግባት የተፈቀደ መሆን አለመሆኑን ከጉዞው በፊት በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ ለቤት የተሰጠ ፈቃድ ለመንገድ ላያገለግል ይችላል።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ እንዳናልፍ፦ የሽጉጥ ድምፅ 160 ዴሲቤል አካባቢ ይደርሳል፤ 10 ሚሊሜትርም ከሚያንሱት ወገን አይደለም። በዒላማ ሜዳ የጆሮ መድፈኛና ከላዩ የጆሮ ሽፋን አንድ ላይ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ «ፎርቲ የሚባለው ጥይት ከ10 ሚሊሜትር ጋር ስፋቱ አንድ ነው ይባላል። ርካሽ ስለሆነ በ10 ሚሊሜትር ሽጉጤ ብተኩሰው ምን ይሆናል?» (ሌላ አንባቢ)

መልስ፦ የአረራቸው ስፋት እውነትም አንድ ነው። ፎርቲ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990፣ ለዘብ ያለውን የ10 ሚሊሜትር ጥይት ባጠረ ቀለህ ውስጥ ለማስገባት ነው፤ የ10 ሚሊሜትር ቀለህ 25.2 ሚሊሜትር ሲረዝም የፎርቲው 21.6 ሚሊሜትር ነው። በእነዚህ ሽጉጦች ጥይቱ በበርሜሉ ውስጥ ቦታውን የሚይዘው በቀለሁ አፍ ጠርዝ ላይ ተደግፎ ስለሆነ፣ ያጠረው ቀለህ የሚደገፍበት አያገኝም፤ የሚይዘው የቀለህ ማውጫው ጥፍር ብቻ ይሆናል። ብዙዎች ተኩሰውት ምንም ሳይሆኑ ቀርተው ይሆናል፤ ያ ግን ሽጉጡ ለዚያ ተሠርቷል ማለት አይደለም፤ ጥፍሩ ሊሰበር፣ ቀለሁም ሊቀደድ ይችላል። ርካሹን ጥይት መጠቀም ከፈለጉ ለሽጉጥዎ የተሠራ የፎርቲ በርሜል ይግዙና በሚተኩሱበት ቀን ይቀይሩት፤ ሁለቱን ጥይቶችም በአንድ ሳጥን ውስጥ አያስቀምጡ።