ጎንደር ለትወና ማስተርስ መጥተሽ ሰው ካላወቅሽ

«ከክፍል ውጭ ከማን ጋር ልላመድ?» ላልሽው፦ ከአከራይሽ ግቢ ጀምሪ። ለቡና ሲጠሩሽ ጥናት አለብኝ አትበይ፤ በረካውን ሳትጠጪም አትነሺ። ጎረቤት ሐዘን ከደረሰበት ሄደሽ ተቀመጪ። ሰው የሚያውቅሽ እዚያ ነው።

ለትወናውም ቅዳሜ ገበያ ውረጂ፤ ሻጭና ገዢ ዋጋ ሲከራከሩ እጃቸውንና ዝምታቸውን እዪ። ማታ ከጓደኞችሽ ጋር አዝማሪ ቤት ግቢ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ፊቱ ያለውን ሰው ያያል፣ ግጥሙንም እዚያው ይፈጥራል። ተመልካች ማንበብን የዚያን ያህል ያስተማረኝ የለም። ጥር 11 ደግሞ ከተማዋን ለቀሽ እንዳትሄጂ፣ አደራ።

አንድ ነገር ግን፦ የሰው አነጋገር ሳታስፈቅጂ መድረክ ላይ አታውጪ። እኔ የአከራዬን ድምፅ በልምምድ ላይ አስመስዬ አሳቅሁበት። ወሬው ደረሳቸው። ይቅርታ ጠይቄ ተቀበሉኝ፤ እኔ ባለሁበት ግን እንደ ድሮው መጫወት ተዉ።